ጥጃ ልቀቅ!

የኢሉባቦር ሕፃናት ከእንስሳት ጋር የሚውሉት ውሎ ምን ያስተምራቸዋል?

ማለዳ በኖፓ ገጠር እናት በወይራ የታጠነ ማለቢያዋን ይዛ ከላሚቱ ጎን ቁጢጥ ስትል፣ ሌላ አንድ ሰው ሳይኖር ሥራው አይጀመርም። እሱም ጥጃ የሚለቅ ነው። በብዙ ቤት ይህ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ድርሻ ነው። ሌሊቱን ከእናቱ ተለይቶ ያደረው ጥጃ ገመዱ ሲፈታለት ይፈተለካል፤ ልጁም ገመዱን እንደያዘ አብሮ ይጎተታል። ጥጃው ጡቱን በግንባሩ እየጎሸመ ትንሽ እንደጠባ እናት «በቃ፣ ያዘው!» ትላለች። ልጁ አንገቱን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ኋላ ይስባል፤ ጥጃው አራት እግሩን ተክሎ እምቢ ይላል። ከብዙ ትግል በኋላ ጥጃው ከላሚቱ የፊት እግር አጠገብ ይቆማል። ላሚቱ ትልሰዋለች፤ ወተቱም ማለቢያው ውስጥ ይንፏፏል።

ለተመልካች ጨዋታ ይመስላል፤ ለልጁም ጨዋታ ነው። ያለ እሱ ግን ወተት የለም። የአገራችን ላሞች አብዛኞቹ ሻኛ ካላቸው ዝርያዎች ወገን ናቸው፤ በኢሉባቦር፣ በወለጋና በጅማ በብዛት የሚረባው የሆሮ ዝርያም እንዲሁ ነው። እነዚህ ላሞች ጥጃቸውን ሳያዩ፣ ሳያሸቱና ሳያጠቡ ወተታቸውን በቀላሉ አይለቁም። ጥጃው ጡት ሲነካ በላሚቱ አንጎል ሥር ካለ ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደሟ ይገባል፤ በጡቷ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ጡንቻዎች ጨምቆ ወተቱን ወደ ታች የሚያወርደው እሱ ነው። ላሚቱ ከደነገጠች ወይም ከተመታች ወተቱን ትይዛለች። የስድስት ዓመቱ ልጅ የንጥረ ነገሩን ስም አያውቅም፤ ላሚቱ አጠገብ መጮህና መሮጥ እንደማይገባ ግን ያውቃል።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ላይ ነው። ትንንሽ ልጆች በእርሻ ቤት ከእንስሳት ጋር ሲውሉ ምን ይማራሉ? ውሎው ምን አደጋ አለው? ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን የሚያቆመውስ መቼ ነው?

ደንና ጓሮ የተጎራበቱበት አገር

ኖፓ በኦሮሚያ ክልል በኢሉባቦር ዞን የምትገኝ ወረዳ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኖፓ ከያዩ፣ ከሁሩሙ፣ ከአልጌ ሳቺ፣ ከዶረኒና ከጮራ ጋር የያዩ ቡና ደን የሚያርፍባት ወረዳ ናት። ይህን ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስፍሮታል። የጥብቅ ስፍራው ጠቅላላ ስፋት 167,021 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ እንዳይነካ የተከለለው እምብርቱ 27,733 ሄክታር ሲሆን፣ 117,736 ሄክታሩ ግን ሰው ቤት ሠርቶ የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና ከብት የሚያግድበት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለልጆቹ ውሎ ትልቅ ትርጉም አላቸው። በብዙ የአገራችን ክፍል ልጅ የሚያውቀው የቤት እንስሳን ነው፤ አውሬውን የሚያውቀው በተረት ነው። በያዩ ዙሪያ ግን የቡናው ደን ከጓሮው ይጀምራል። ልጁ ጥጃ ሲጠብቅ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ያያል። በቆሎው እሸት ሲይዝ ጦጣና ዝንጀሮ በቀን፣ የዱር አሳማ በሌሊት ይመጣሉ። በየሸለቆው የተኛው ረግረግ፣ የአገሬው ሰው ጨፌ የሚለው፣ በበጋ ሌላው ሣር ሲደርቅ የከብቶቹ መጠጊያ ይሆናል፤ ለልጆቹ ደግሞ የእንቁራሪትና የወፍ አገር ነው።

ከጫጩት እስከ መንጋ

የእርሻ ቤት ልጅ ወደ እንስሳት የሚገባው በደረጃ ነው። ደረጃውን የሚወስነው የልጁ ጉልበትና ልቦና እንጂ የልደት ቀኑ አይደለም፤ ስለዚህም ከቤት ቤት ይለያያል። ቅደም ተከተሉ ግን በሰፊው የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ዶሮ ነው። ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ልጅ ጥሬ ይበትናል፣ ጫጩት ያባርራል፣ ይዞም ይስማል። ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ ደግሞ መጠበቅን ይማራል። እንቁላሉ ጫጩት የሚሆነው በ21 ቀን ነው፤ ለትንሽ ልጅ ይህ ማለቂያ የሌለው ዘመን ነው። ነገ ይፈለፈላል? ከነገ ወዲያስ? እያለ እናቱን ያደክማል። የታቀፈችው ዶሮ አጠገብ ሌሎች ዶሮዎች ሄደው ሲጥሉ እንዳይደባለቅ የታቀፈችው እንቁላል ላይ በከሰል ምልክት የሚያደርጉ እናቶች አሉ። ልጁም ምልክት ያለውን ትቶ የሌለውን ይሰበስባል። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ሥራው ጭልፊትን መጠበቅ ነው። ጥላዋ ግቢው ላይ ሲያልፍ መጮህ፣ እጅ ማራገብ፣ እናቲቱም ክንፏን ዘርግታ ስትሰበስባቸው ማየት ነው።

ሁለተኛው ጥጃ ነው። ጥጃ ከጓሮ አይርቅም፤ ከልጁም ጉልበቱ ብዙ አይበልጥም። ልጁ ጥጃውን ከእናቱ ለይቶ ይጠብቃል፣ ሣር ያጭድለታል፣ ውሃ ያጠጣዋል፣ ሲመሽም ያስረዋል። ጥጃው ካመለጠና እናቱን ካገኘ የማታው ወተት አለቀ ማለት ስለሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። ቅጣት ሳያስፈልግ በራት ሰዓት ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ በግና ፍየል ይመጣል፤ ልጁ ሲጠናና አካባቢውን ሲያውቅ ከታላላቆቹ ጋር ከብት ይነዳል። እዚህ ላይ ዕውቀቱ ከእንስሳው ወደ መሬቱ ይሰፋል። የትኛው ሣር ሆድ ይነፋል? የትኛው ጨፌ ያሰምጣል? በምዕራቡ አገር ቆላማ ሸለቆዎች፣ በተለይም በዴዴሳና በባሮ ተፋሰሶች፣ የቆላ ዝንብ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ ያስተላልፋል። ስለዚህ ከብት ወደየትኛው ሸለቆ እንደማይወርድ ማወቅ የቤተሰብ ሀብት ጉዳይ ነው።

በዚህ የዕድገት መንገድ ላይ ሴትና ወንድ ልጅ ይለያያሉ። በብዙ ቤት ሴቷ ልጅ ከዶሮው፣ ከጥጃውና ከወተቱ ጋር ቤት ስትቀር ወንዱ ወደ መስክ ይወጣል። እሷ ስለ ወተትና ስለ እንቁላል ብዙ ታውቃለች፤ እሱ ስለ ሜዳውና ስለ ደኑ። ዕድሉ ከተሰጣት ግን ከብት ነድታ የማትመልስበት ምክንያት የለም፤ እሱም ቢሆን ቅቤ መናጥ የማይችልበት።

የአገዳ በሬዎች

ጥጃ ሲግጥ ጠባቂው ሥራ ፈት ነው፤ ጨዋታው የሚወለደውም በዚህ ትርፍ ሰዓት ውስጥ ነው። የገጠር ልጅ መጫወቻ አይገዛለትም፤ ይሠራል። የበቆሎ አገዳ በስንዝር ልክ ይቆርጣል፣ ለእግር አራት እንጨት ይሰካበታል፣ ለቀንድ ሁለት እሾህ። ይህ አንድ በሬ ነው። አንድ ደግሞ ይሠራል፤ በሬ ያለ ጥማድ አያርስምና። የአገዳውን ልጥ ልጦ ቀንበር ያስራል፣ ከኋላ ሞፈር ይቀጥላል፣ ከዚያም በሬዎቹን ስም እየጠራ አፈሩን ያርሳል። ዝናብ ከጣለ ጭቃ አለ፤ ላሞች፣ ጥጆችና በሬዎች ከጭቃ ተድቦልቡለው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ።

እነዚህን የጭቃ ከብቶች ቀረብ ብሎ ላየ ሰው የልጁ ዕውቀት ተጽፎ ይነበባል። የላሚቱና የበሬው ቀንድ አንድ አይደለም። ሻኛው በቦታው ነው፤ ጡት ያላት ላም ናት፤ ጊደር ገና ጡቷ አልወጣም። ስማቸውም በመልካቸው ነው፤ በኦሮምኛ ጥቁሩ ጉራቻ፣ ቀዩ ዲማ፣ ዥጉርጉሩ ቡሬ ይባላሉ። ልጁ እውነተኛውንም መንጋ የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው። ማታ ከብቶቹ ሲገቡ ቁጥር ሳይጀምር ማን እንደጎደለ ይናገራል፤ እያንዳንዱን በመልክ ያውቃልና። በትምህርት ቤት ቁጥር ሲማር ቁጥሩን የሚያሳርፍበት ነገር ቀድሞ አእምሮው ውስጥ አለ።

ጥቂት ከፍ ያሉት መሬት ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ይጫወታሉ፤ እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ። የበቆሎ ወራት ሲደርስ ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ወንጭፍ ያስወነጭፋሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ከማማ ማማ እየተጠራሩ ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝንጀሮ ሕፃንና አዋቂ ለይቶ ስለሚያውቅ ጭራሽ የማይፈራቸው ጊዜ አለ። ለዚህም ነው ትንንሾቹ ብቻቸውን ማማ ላይ የማይተዉት።

ልጅ ሁልጊዜ ገር ነው ማለት ግን አይደለም። ጫጩት በክር አስሮ ይጎትታል፣ ጥጃ ላይ ይወጣል፣ ቡችላ በጆሮው ያነሳል። የትልቅ ሰው ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ዝም ብሎ «ተው!» ከማለት እጁን ይዞ ጫጩቷ ደረት ላይ አድርጎ ልቧ እንዴት እንደሚመታ ማስነካት ይሻላል። ርኅራኄ የሚለመደው በእጅ ነው።

ጥናቶች የሚሉት

ከእንስሳት ጋር ማደግ የልጅን አስተሳሰብ ይለውጣል ወይ? ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ካዮኮ ኢናጋኪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት የአምስት ዓመት ገደማ ልጆችን በሁለት ከፍላ አየች። አንደኛዎቹ ቤታቸው ወርቃማ ዓሣ የሚያሳድጉ ናቸው፤ ሌሎቹ አያሳድጉም። ስለ ዓሣ ሲጠየቁ የሚያሳድጉት የበለጠ ማወቃቸው አይገርምም። የሚገርመው አሳድገው ስለማያውቁት ስለ እንቁራሪት ሲጠየቁ የሆነው ነው። ዓሣ ያሳደጉት ልጆች የዓሣቸውን ጠባይ መነሻ አድርገው የተሻለ መልስ ሰጡ። ትንሿን እንቁራሪት ሁልጊዜ ትንሽ አድርጎ ማቆየት ይቻላል ወይ ሲባሉ፣ አይቻልም፤ የእኛም ዓሣ ትንሽ ነበር፣ አደገ ብለው እስከመከራከር ደረሱ። አንድን ፍጡር በቅርብ መንከባከብ ስለማያውቁት ፍጡር ለማሰብ መንገድ ይከፍታል ማለት ነው። ጃፓናዊው ልጅ ከአንድ ዓሣ ይህን ያህል ካተረፈ፣ ዶሮ፣ ጥጃ፣ በግና ውሻ በየቀኑ የሚያይ የኖፓ ልጅ ምን ያህል የማሰቢያ ስንቅ እንዳለው መገመት ይቻላል።

ሌላው ጥቅም በጤና በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አሚሽና ሃተራይት የተባሉ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦችን ልጆች አነጻጸረ። የዘር ግንዳቸው ተቀራራቢ ነው፤ አኗኗራቸውም በብዙው ይመሳሰላል። አሚሾች ግን በባህላዊ መንገድ ያርሳሉ፣ የከብት ጋጣቸው ከቤታቸው አጠገብ ነው፣ ልጆቻቸውም እዚያው ይጫወታሉ። ሃተራይቶች ዘመናዊ ትልልቅ እርሻ ስላላቸው ትንንሽ ልጆች ከጋጣ ርቀው ያድጋሉ። አስም ያለባቸው የአሚሽ ልጆች 5.2 በመቶ ሲሆኑ የሃተራይቶቹ 21.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የጋጣው አቧራ ይዟቸው የሚመጣው ረቂቅ ተሕዋስያን የልጁን የሰውነት መከላከያ ገና ከሕፃንነቱ ስለሚያለማምዱት ነው ይላሉ።

ዶሮዋ የት ትደር?

ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ ከእንስሳት ጋር አብሮ ማደር ጥሩ ነው» ማለት ግን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በገጠር ኢትዮጵያ ላይ የታተመ ጥናት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አሳይቷል። ዶሮ ያለው ቤተሰብ ልጆች ቁመት ከሌላቸው የተሻለ ነው፤ እንቁላሉም ገንዘቡም ይረዳል። ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት ሲያድሩ ግን የልጆቹ ቁመት ከሚጠበቀው ያንሳል። የዶሮ ኩስ የተበተነበት ወለል ላይ የሚድኽ ሕፃን እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ተሕዋስያኑም አብረው ይገባሉ፤ አንጀቱ በተደጋጋሚ ስለሚቆስል የበላው በሙሉ አይጠቅመውም።

ቤተሰብ ዶሮን ቤት ውስጥ የሚያሳድረው ወዶ አይደለም፤ ሸለምጥማጥና ሌባ ፈርቶ ነው። ስለዚህ «ከቤት አስወጡ» ብቻ ማለት ሰሚ አያገኝም። መፍትሔው ከግድግዳው ተጠግቶ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በሩ የሚዘጋ የዶሮ ቤት ነው። የቀርከሃ ወይም የእንጨት ርብራብ ይበቃዋል።

ሌሎቹም ጥንቃቄዎች እንዲሁ ቀላል ናቸው። ልጅ ከእንስሳ ጋር ከተጫወተ በኋላ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ወተት ፈልቶ ይጠጣ፤ እንደ ወረርሽኝ ውርጃ ያለ ከብት የሚያስወርድ በሽታ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ልጅ ከሚመገብ ውሻና ቡችላ ከምታጠባ ውሻ ይራቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አብዶ ሊሆን ይችላል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ መዳኛ ስለሌለው «ይታይ፣ እንጠብቅ» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ልጆችም ቢነከሱ ወይም ቢቧጨሩ እንደማይቀጡ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ብዙዎቹ ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ።

ጫማም አለ። በዝናባማውና በቀይ አፈሩ የምዕራብ አገር ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ ለተባለው የእግር እብጠት ያጋልጣል። ይህ ሕመም ሰው ዝሆኔ ከሚላቸው አንዱ ሲሆን ትንኝ ሳይሆን አፈሩ ራሱ የሚያመጣው ነው። የሚታየው ካደጉ በኋላ ነው፤ የሚጀምረው ግን ከልጅነት ነው። ጥጃ ጠባቂ ልጅ ጫማ ያድርግ፤ ማታም እግሩን ይታጠብ።

ጨዋታ ሥራ የሚሆነው መቼ ነው?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። በወላጁ ጓሮ ጥጃ የሚለቅ ልጅ ግን ተቀጣሪ አይደለም። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው በአብዛኛው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰብ ሊለካበት የሚችል ሦስት ጥያቄ አለ።

የመጀመሪያው፦ እንስሳው ቢያመልጥ ልጁ ምን ይሆናል? ጥጃ ካመለጠ ወተት ይጎድላል፤ ጉዳቱ እዚያው ነው። ጠማማ ኮርማ ካመለጠ ግን ልጁ ራሱ አደጋ ላይ ነው። ሁለተኛው፦ ድምፁ የሚሰማ አዋቂ አለ ወይ? ሦስተኛው፦ ትምህርት ቤት ይቀራል ወይ? ኢሉባቦር የቡና አገር ነው፤ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ነው። ትልልቆቹ ወደ ቡናው ሲወርዱ ከብቱ በትንንሾቹ ላይ ይወድቃል፤ መጀመሪያ ሰኞ፣ ቀጥሎ ማክሰኞ እየተባለ ልጁ ከክፍል ይጠፋል። ከዚህ የሚያድን የታወቀ የአገር ዘዴ አለ፤ ጎረቤታሞች ከብታቸውን አንድ ላይ አድርገው ተራ በተራ መጠበቅ ነው።

በሌላ በኩል ትምህርት ቤቱም ልጁ ይዞት ለሚመጣው ዕውቀት ቦታ ሊሰጠው ይገባል። የቅድመ መደበኛ ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በየመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዜሮ ክፍል ተስፋፍቷል። እዚያ የሚገባው የገጠር ልጅ ስለ 21 ቀን፣ ስለ ቀንድ ዓይነት፣ ስለ ጥጃና ስለ ወተት ያውቃል። መምህሩ ከግድግዳው ሥዕል ከመጀመር የጭቃ ከብት አሠርቶ መቁጠር፣ መለየት፣ ማወዳደር ቢያስጀምር ወጪው ጭቃ ብቻ ነው።

በመቱ፣ በጎሬ ወይም በአዲስ አበባ የሚኖር ወላጅም ላም መግዛት አይጠበቅበትም። አንዲት የታቀፈች ዶሮ፣ አንድ ጠባብ ግቢ፣ ወይም በክረምት ዕረፍት አያት ዘንድ የሚያሳልፉት ሁለት ሳምንት ይበቃል። ዋናው ልጁ ተመልካች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። መኖ የሚሰጥበት ሰዓት፣ ውሃ የሚቀይርበት ዕቃ፣ ሲረሳ የሚታወቅ አንድ ኃላፊነት ይኑረው። የገጠሩ ወላጅ ሥራውን ከልጁ ጉልበት እንዳያስበልጥ፣ የከተማው ወላጅ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ እንዳያስቀርበት መጠንቀቅ አለባቸው። ጥጃ የሚለቀው ልጅ የተደሰተው በጥጃው ብቻ አይደለም፤ ያለ እሱ ማለቢያው ባዶ እንደሚቀር ስለሚያውቅም ነው።